የዊጆው ተራና የሊዲያ ፓይተን

ጡረታ የወጣ መምህር ሁለት ነገር አይጎድለውም፤ ጊዜና ምክር። ጊዜዬን በሆሳዕና ጎዳናዎች ወዲያ ወዲህ ስል እጨርሰዋለሁ። ምክሬን ግን የሚቀበለኝ እየጠፋ፣ ጠዋት ይዤው የወጣሁትን ማታ ይዤው እገባለሁ። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ረፋድ፣ ለአጥር የሚሆን ባሕር ዛፍ ልገዛ ወደ ሌሞ ለመሄድ አስቤ ጋሪ መቆሚያው አጠገብ ዝናብ ተጠልዬ ሳለ፣ እትዬ ገነቴ ከኋላዬ መጥተው «መምህር ዮሴፍ፣ ጌታ ነው ያገናኘን፤ መካሪ ያጣች ልጅ አለችኝ» ሲሉኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

እትዬ ገነቴ ቅቤያቸውን ሸጠው ከገበያ መመለሳቸው ነበር። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሰፈር ከላሞቻቸውና ከእንሰት ጓሯቸው ጋር የሚኖሩ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የተከበሩ፣ ንግግራቸው የማያሻማ ሴት ናቸው። የምንነጋገረው በሀዲይኛ ነው። አባቴ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚሁ የወለደኝ፣ ቤት ውስጥ በአማርኛ ያደግሁ ስለሆንኩ ሀዲይኛዬ እንደ አሮጌ ጋሪ ይንገጫገጫል፤ እሳቸው ግን ታግሰው ይሰሙኛል። እዚህ ሁሉንም በአማርኛ አስፍሬዋለሁ።

ጉዳያቸው ሊዲያ ነበረች። ሊዲያ የሟች እህታቸው ልጅ ናት፤ ገና ድክ ድክ ስትል ተቀብለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አሥራ ሁለተኛን ተፈትና ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ ነጥብ አልመጣላትም። ያን ዓመት ነጥብ ያልመጣላቸው ልጆች ብዙ ስለነበሩ ይህ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ ልጅቷ ግን ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ከተማ ውስጥ ለወጣቶች ኮምፒውተር የሚያስተምር ማዕከል አገኘችና የመጀመሪያውን ዙር ጨረሰች። አሁን ሁለተኛው ዙር ሰኞ ይጀመራል። በመካከሉ የእትዬ ገነቴ ታናሽ ወንድም ሆሴዕ ሀደሮ ላይ የጨርቅ ሱቅ ከፍቶ፣ ሱቅ የምትጠብቅለት የሚያምናት ልጅ ስለፈለገ፣ እሑድ ከጸሎት በኋላ መጥቶ ሊወስዳት ቀጠሮ ይዟል።

«ለማሽን ትእዛዝ መስጠት ነው የምማረው ትለኛለች» አሉኝ፣ ጋሪው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጭቃው እየረጨን። «ጥጃ ከእናቱ ለይታ ማሰር ያቃታት ልጅ ማሽን ልታዝ ነው። ትምህርት ቤቱ አልፈልግሽም ካላት ወዲያ ምን ብላ ትከተለዋለች? ሱቁ እንጀራ ነው። እባክዎ ይምከሩልኝ፤ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፣ ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ትሰማለች።»

እኔም እመክራታለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር የእኔ የኮምፒውተር እውቀት የፈተና ጥያቄ ከመተየብ አልፎ አያውቅም፤ ሱቁም ክፉ ሐሳብ ሆኖ አልታየኝም። ባሕር ዛፉን ለሌላ ቀን አሳድሬ አብሬያቸው ወረድኩ።

ሊዲያ ጠረጴዛ ላይ ከማዕከሉ የተዋሰችውን ያረጀ ላፕቶፕ ከፍታ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ፤ ውኃ አቀረበችልኝ፤ የምላትንም አንገቷን ሰበር አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ስለ ሥራ ክቡርነት፣ ስለ ቤተሰብ ምክር፣ በእጅ ስላለ ነገር ዋጋ አርባ ደቂቃ ክፍል ውስጥ የቆምኩ ያህል ተናገርኩ። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ።

«መምህር፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ሱቅም አልናቅሁም። ግን እትዬ የማትፈልገው ነገር ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው እምቢ የምትለው። እርስዎም ሳያዩት ባይፈርዱብኝ ደስ ይለኛል።»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ልጅቷ አነጋገሩን ይዛለች። እትዬ ገነቴን ቀና ብዬ ሳያቸው ፊታቸውን ወደ ጓሮው አዙረዋል። ካላየሁ አልፈርድም አልኳትና ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ሳብኩ።

«ኮምፒውተር ብልህ የሚመስለው ፈጣን ስለሆነ ነው» አለች። «በራሱ ግን ምንም አያውቅም። አንድ ነገር እንዲሠራ ከፈለግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል መንገር አለብን። ፓይተን የምንነግርበት ቋንቋ ነው። እትዬ፣ አንቺ ገንቦው ላይ ምልክት ታደርጊ የለ? እኛም ለነገሩ ስም እንሰጠዋለን፤ ከዚያ በኋላ ስሙን ስንጠራ በውስጡ ያለው ይመጣል። ብዙ ስም ደግሞ እንደ ዶቃ በአንድ ክር እንሰካለን። ክሩን ይዘን ከመጀመሪያዋ ጀምረህ ለእያንዳንዷ እንዲህ አድርግ ስንለው አንድም ሳይዘል ይዞራል።»

«ተራ ማዞርማ እኔም አውቃለሁ» አሉ እትዬ ገነቴ ከበሩ ሳይዞሩ። «ማንም አላስተማረኝም።»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ አንቺ የምታውቂው ነገር ነው። ከዚህ ሌላ ‹ቢሆን› የሚባል አለ። እንዲህ ቢሆን ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ያንን አድርግ። ሰዎች የሚያደንቁት ትልቅ ፕሮግራም ሁሉ ሲበተን አብዛኛው ይኸው ነው፤ ስም፣ ክር፣ ዙርና ቢሆን።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉና እትዬ ገነቴ መጡ፤ ከእኛ ፊት ለፊት ተቀመጡ። «ልጄ፣ ሆሴዕ ጋ ብትሄጂ ጨርቁን በእጅሽ ትይዣለሽ። ሰው ይገባል፣ ይገዛል፣ ይሄዳል። ይኼ ሲጠፋ ጥቁር መስታወት ነው።»

ሊዲያ በልቧ ያለውን አውጥታ ተናገረች። ነጥብ ባልመጣላት ጊዜ ከንቱ የሆነች መስሏት እንደነበር፣ ማዕከሉ ውስጥ መጀመሪያ የጻፈችው መስመር ሲሠራ ግን ጭንቅላቷ አሁንም የራሷ እንደሆነ እንደተሰማት ነገረችን። ቀጥሎ የተናገረችው ግን አክስቷን አስደነገጠ። የሰፈሩን ዊጆ ተራ በፓይተን ጽፋዋለች። ዛሬ ደግሞ የዊጆ ቀን ነው፤ ሴቶቹ ሲመጡ ላሳያቸው አለች።

ዊጆ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በእኛ አገር አንዲት ላም ያላት ሴት የላሟ ወተት ብቻውን ተንጦ ደህና ቅቤ አይወጣውም። ስለዚህ ጎረቤታሞቹ ይማከሩና በቀጠሯቸው ቀን እያንዳንዷ ወተቷን ይዛ ትመጣለች። የተጠራቀመው ወተት በሙሉ ተራ ለደረሳት ለአንዷ ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ለሌላዋ። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይህ ነው። ማን መቼ እንደሚወስድ የሚያዙት እትዬ ገነቴ ናቸው፤ ሁሉንም በቃላቸው ይዘውታል።

እትዬ ገነቴ ጥቂት ካሰቡ በኋላ ፈገግ አሉና «አሳዪያቸው፤ እነሱው ይፍረዱ» አሉ። ፈገግታቸው አላማረኝም።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ወተታቸውን በየዕቃው ይዘው መጡ። ዊጆ የሴቶች ጉዳይ ነውና ወንድ እዚያ ምን ይሠራል ተብዬ፣ በብዙ ትሕትናና በብዙ ሳቅ፣ ከደጃፉ ባለው አግዳሚ ላይ እንድቀመጥ ተደረግሁ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉን አያለሁ፣ ሁሉን እሰማለሁ። የጎደለኝ ወንበሩ ብቻ ነው።

ሊዲያ ላፕቶፑን ወደ ሴቶቹ አዞረች። የእያንዳንዳቸውን ስም በአማርኛ ፊደል ጽፋዋለች፤ ስማቸውን ሲያዩ ተጠቋቆሙ። አንድ ቁልፍ ስትጫን ከታች «የዛሬው ወተት የትርፊት ነው» የሚል ወጣ። ሊዲያ ጮክ ብላ አነበበችው።

መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፣ ሌላዋ መሳቅ ጀመረች፣ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ሃቢባ የምትባል ጎረቤታቸው በዚያ ሳምንት ወልዳለች። ዊጆ ውስጥ ደግሞ አራስ ካለች ተራው የማንም ይሁን የማን ወተቱ ለአራሷ ነው። ይህን በሰፈሩ የማያውቅ የለም። የሃቢባ እህት ወተት ይዛ ስትመጣ ባዶ ገንቦም አብራ ይዛ የመጣችው ማንም ሳይነግራት ነው።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አሉ እትዬ ገነቴ፤ ይህን አፍታ ከጠዋት ጀምረው ሲጠብቁት ቆይተዋል። «አያችሁልኝ? የአራስ ቅቤ የሚነጥቅ ማሽን። እኛ ፍርዳችን ከምሕረት ጋር ነው፤ ይኼ ምሕረት የት ያውቃል? መምህር፣ ከውጭ ሰሙ?»

ሰማሁ አልኩ። ሊዲያን አየኋት። ጆሮዋ ድረስ ቀልታ የራሷን እጆች ታያለች። ነገር ግን በበሩ በኩል አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አየሁ፤ ትርፊት አልሳቀችም። ትርፊት ዝምተኛ ሴት ናት፤ ዕቃዋን በጉልበቷ መካከል ይዛ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሳቁ ስላላቋረጠ ልብ ያላት አልነበረም።

ሊዲያ ቀና አለች።

«እትዬ እውነቷን ነው። ምሕረት አያውቅም፤ እኔ አልነገርኩትማ። አራስ ትቀድማለች የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቀው መነገር ያለበት ነገር ሆኖ አልታየኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እስኪ ደንቡን በሙሉ አንቺ ንገሪኝ፤ እንደምታውቂው፣ ምንም ሳታስቀሪ።»

«ደንቡማ የታወቀ ነው።»

«ለማን? እሱ ሰው ካልነገረው አያውቅም።»

ሴቶቹ ይኼ ጨዋታ ጣማቸው። እትዬ ገነቴም ለማስተማር የሚለምናቸው ሲገኝ እምቢ የሚሉ ሴት አይደሉም፤ በዚህ እኔና እሳቸው አንለያይም። ጀመሩ። አራስ ብትኖር ወተቱ ለአራሷ፤ ካልኖረች ለባለ ተራዋ። ሊዲያ ጻፈች። ሁለት አራሶች ቢኖሩስ አለች። ላሟ የነጠፈችባት ትቅደም አሉ። ሐዘን የደረሰባትስ? ለቅሶ ቤት ሰው ይበዛልና ለእሷም ይሰጣል። ልጇን የምትድርስ? ቀድማ ካሳወቀች። ሊዲያ እያንዳንዱን «ቢሆን» ከላይኛው ሥር ገባ እያደረገች ትጽፋለች። ለምን ገባ ታደርጊዋለሽ ብለው ጠየቋት፤ የትኛው ደንብ በየትኛው ሥር እንደሆነ ፓይተን የሚያውቀው በአቀማመጡ ነው፣ ታናሽ ከታላቁ ኋላ እንደሚቀመጠው አለቻቸው። እትዬ ገነቴ ሥርዓት ያለው ነገር ነው አሉ፤ ለዚያ ዕቃ ያወጡት የመጀመሪያው ደግ ቃል ይህ ነው።

አንድ ጊዜ ማሽኑ በቀይ ጽሑፍ እምቢ አለ። ሊዲያ ጎንበስ ብላ ስትፈልግ ከ«ቢሆን» መስመሩ መጨረሻ ላይ የምትደረገውን ሁለት ነጥብ ረስታ ኖሯል። ለአንዲት ነጥብ ይህን ያህል ማኩረፍ ምንድን ነው ብለው ሳቁ። እሷ ግን ማኩረፉ ይሻላል አለች፤ ያልገባውን የገባው መስሎ ከሚያልፍ ይልቅ አልገባኝም ማለቱ ይጠቅማል።

ከዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ተራዋ ደርሶ ለአራስ ወይም ለሐዘንተኛ የተለቀቀባት ሴትስ? መቼ ነው የምትወስደው?»

«ቀጥሎ ይሰጣታላ» አሉ እትዬ ገነቴ።

«አይደለም፤ ዙሩ ሲመለስ ነው» አለች አንዷ ከወዲያ። ሌላዋ ደግሞ እኔ በተለቀቀብኝ ጊዜ ቀጥሎ ወስጃለሁ አለች። እኔ ግን አልወሰድኩም አለች ሦስተኛዋ። ክርክሩ ተነሳ። እነዚህ ሴቶች ከተወለዱ ጀምሮ የሚያውቁት ደንብ መካከል ላይ ሁሉም የየራሳቸውን የሚያስቡበት ባዶ ቦታ እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያወቁት። ማሽኑ ማወቅ የማይችለው ነገር መሆኑ ቀርቶ፣ ማንም የማያውቀው ነገር ሆኖ ተገኘ።

ትርፊት ክዳኗን ዘጋች።

«ለእኔ ቀጥሎም አልተሰጠኝ፣ ዙሩ ሲመለስም አልተሰጠኝ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። «ባለፈው ተራዬ ሲደርስ ሐዘን ነበር። ሐዘኑ ቤት ወተቱን ተሸክሜ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ከልቤ ነው የሰጠሁት። ከዚያ በፊት ደግሞ ሠርግ ነበር። ዛሬ ሃቢባ ወልዳለች፤ ደስ ብሎኛል፣ ልጁንም አይቼ መጥቻለሁ። ቅር ያለኝ ሌላ ነው። አንድ ሰው እንኳ ተመልሶ ትርፊትስ አላለም። ሰው ያልቆጠረኝ መሰለኝ። ዛሬ ይህን ወተት ሰጥቼ ከእንግዲህ አልመጣም ብዬ ነበር የወጣሁት።»

«ለምን አልተናገርሽም?» አሉ እትዬ ገነቴ።

«ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ምን ብዬ እናገራለሁ እትዬ? የምታውቁት መስሎኝ ነው።»

እኔ ደጅ ሆኜ፣ ስንቱ ቤት፣ ስንቱ ማኅበር፣ ስንቱ ትዳር የፈረሰው በክፋት ሳይሆን ሁሉ ያውቃል በሚባል ነገር እንደሆነ አሰብኩ። ሆድ ይፍጀው እያልን የምናሳድረው ቂም የሚበቅለው ደንቡ ዝም ባለበት ቦታ ነው። አዋቂ ሰው ፊት እንፈራለን፣ እናፍራለን። ምንም በማያውቅ ነገር ፊት ግን ሁሉን ከመጀመሪያው ለመናገር ተገደድን፤ ስንናገርም ተሰማማን።

እትዬ ገነቴ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ትርፊት በዕድሜ ታንሳቸዋለች፤ እሳቸው ግን ሄደው አጠገቧ ቁጭ አሉ።

«ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ» አሉ። «በቃሌ ይዤዋለሁ ስል አንቺን ከቃሌ ጥዬሻለሁ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።» ትርፊት ጉልበታቸውን ይዛ ስታለቅስ አንዳንዶቹም አብረው አለቀሱ። ከዚያ እትዬ ገነቴ ወደ ሊዲያ ዞሩ። «ጻፊ። ተራዋ የተለቀቀባት ሴት ቀጥሎ ከሁሉም ትቀድማለች። ዳግመኛ እንዳይለቀቅባት፤ እሷ ራሷ እወዳለሁ ካላለች በቀር።»

ሊዲያ የተዘለለች ሴት ስም የሚቀመጥበት ሌላ ክር ሠራች። ስትጫነው «የዛሬው ወተት የሃቢባ ነው፤ ቀጥሎ የትርፊት» አለ። እትዬ ገነቴ ወተቱን በእጃቸው ወደ ሃቢባ ገንቦ አንቆረቆሩ፤ ትርፊትም ገንቦውን ያዘችላቸው።

ሴቶቹ ሲበተኑ እትዬ ገነቴ ጋሪ እስከማገኝበት ሊሸኙኝ አብረውኝ ወጡ። ፀሐይዋ ገና አልገባችም። በእንሰቱ መካከል ስንሄድ እንዲህ አሉ።

«መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎ። ማሽኑን አልጠላሁትም። ሚክያስን ያውቁታል፤ የሊዲያን ወንድም። እሱም በእኔ ቤት ነው ያደገው። ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ወዲህ ድምፁን የምሰማው አልፎ አልፎ ነው። ይህ የእሷ ነገር መንገድ መስሎ ታየኝ። ዛሬ ሆሳዕና፣ ነገ አዲስ አበባ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ አላውቅም። ሀደሮ ቅርብ ናት። ሱቅ ያላት ልጅ የትም አትሄድም ብዬ ነው።»

ብዋሽላቸው ቀላል ነበር። ሊዲያ በዚህ ትምህርት ሥራ እንደምታገኝ፣ ሥራውም እዚሁ እንደሚሆን ማረጋገጥ አልችልም፤ ይህንኑ ነገርኳቸው። ይህን ሥራ ከያዙ ሰዎች መካከል ቤታቸው ተቀምጠው ለሩቅ ሰው የሚሠሩ እንዳሉ ሰምቻለሁ፣ የማይሳካላቸውም አሉ አልኩ። ቀጥዬ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው።

«እትዬ ገነቴ፣ ሚክያስን የወሰደው ትምህርት ነው?»

ቆሙ። «አይደለም» አሉ። «እዚህ የሚይዘው ስላጣ ነው የሄደው።»

«እንግዲያ ልጅቷ የሚይዛትን ነገር አግኝታለች። ተይዛ የምትቀረውና ተቆልፋ የምትቀረው ልጅ አንድ አይደሉም። ዛሬ ያደረገችውን አይተዋል፤ የእርስዎን ጥበብ አልጣለችም። እርስዎ የሚያውቁትን እንዲናገሩ አደረገች እንጂ። ወደ ሩቅ አገር ለመሮጥ የምታስብ ልጅ የሰፈሯን ዊጆ ደንብ ስትጽፍ አትውልም።»

ጋሪው መጣ፤ ስሰናበታቸው ፊታቸው ወደ ቤታቸው ነበር።

እሑድ የማይመለከተኝ ጉዳይ ነው ብዬ እቤቴ ልቀመጥ አሰብኩ፤ አልቻልኩም። ስደርስ ሆሴዕ ከሀደሮ መጥቶ፣ ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ለሊዲያ አምጥቶ፣ በትሕትና ተቀምጧል። ደግ ሰው ነው፤ በእሱ ላይ የምለው የለኝም። እትዬ ገነቴ ሊዲያ እንደማትሄድ ሲነግሩት ግን ግራ ተጋባ፤ ማሽን ከወንድም ይበልጣል ወይ አለ። እኔ ለመመለስ አፌን ስከፍት እትዬ ገነቴ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ወንድሜ፣ እኔም ትናንት ጠዋት እንዳንተ ነበርኩ» አሉት። «ይህ ትምህርት ነገርን ከሥሩ ጀምሮ በተራ መናገር ያስተምራል። ሰው ያውቃል ብሎ ከማለፍ ያድናል። ትናንት አንዲት ልቧ የተሰበረ ጎረቤቴን መልሶልኛል፤ እኔ ሳላውቅ ላጣት ነበር። ዛሬ የዊጆውን የጻፈች ልጅ ነገ የማኅበሩን፣ የጤና ጣቢያውን፣ የገበሬውን ትጽፋለች። ሥራ ታገኝ እንደሆን መምህርም አያውቁም፤ ጌታ ያውቃል። ግን ማሰብ የለመደ ሰው ባዶ እጁን አይቀርም። አንተም ሱቅህ ውስጥ የትኛው ጨርቅ እንዳለቀ፣ የትኛው እንደቆየ ሳታውቅ ከምትከርም፣ ስትማር ትጻፍልህ። ለሱቁ የጎረቤት ልጅ ፈልግ።»

ሆሴዕ ጥቂት አሰበና ለሱቅም ይሆናል ወይ ብሎ ሊዲያን ጠየቃት። ይሆናል፣ ግን ደንብህን ሁሉ ትነግረኛለህ አለችው። ጨርቁን መልሶ አልወሰደም።

ምሳ ተበልቶ ሆሴዕ ከሄደ በኋላ እትዬ ገነቴ ሊዲያን ላፕቶፑን እንድትከፍት አዘዟት። እኔ ልሰናበት ተነስቼ ነበር፤ ተቀመጡ አሉኝ።

«ያቺ ቀይዋ ጊደር ከዛሬ ጀምሮ የአንቺ ናት» አሏት። «ስትወልድ የዊጆ ሰው ትሆኛለሽ። እስክትወልድ እኔ በአንቺ ፈንታ ወተት አመጣለሁ። ስምሽን ከክሩ መጨረሻ ስኪው።»

ሊዲያ ጻፈችው። እጇ ቁልፎቹ ላይ ቀረ።

«አንድ ደንብ ደግሞ ጨምሪ» አሉ እትዬ ገነቴ። «ሊዲያ ሩቅ ብትሆን፣ ተራዋ ይጠበቃል።»

ልጅቷ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ ዓይኗን በክንዷ ትጠርጋለች፣ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። በመጨረሻ ስትጫነው ማሽኑ በቀይ ጽሑፍ እምቢ አለ። ሊዲያ ማንበብ አልቻለችም። እኔም መነጽሬን ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ።

እትዬ ገነቴ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብለው አዩና ጣታቸውን ከመስመሩ መጨረሻ ላይ አሳረፉ።

«ሁለት ነጥቧን ረስተሻል» አሏት።